የውሃ እናት ሚዛን ላይ

ኤሎይሳ አፖዳካ ወደ ጠፈር እንድትወጣ ዕጣ በወጣላት ቀን ከሁሉ በላይ የተደሰተው እሷ ሳትሆን የአጎቷ ልጅ ቤኒግኖ ነበር። ኮፍያውን ወደ ጣሪያው ወረወረ፤ ቅዱስ ኢሲድሮን በስሙ ጠርቶ አመሰገነ፤ እንባም አቀረረ። የመንደራችን የላ ፕላሲታ ሰው ይህን አይቶ «የዘመድ ደስታ እንዲህ ነው!» አለ።

ዕጣው የወጣው በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ነው። በዮርናዳ በረሃ ላይ ሰው ወደ ጠፈር የሚያወጣው ኩባንያ ለባለገንዘብ ከሚሸጣቸው ወንበሮች አንዱን ለጎረቤቶቹ በነጻ ለመስጠት ቃል ገብቶ ነበር፤ በዚያ ዓመት ተራው የእኛ ሸለቆ ሆነ። ሰዉ ስሙን እየጻፈ በቃሪያ ቅርጫት ውስጥ ጣለ። መጀመሪያ የወጣው የኤሎይሳ ስም ነው፤ ቀጥሎ የቤኒግኖ። ሁለተኛው ተጠባባቂ ይባላል፤ አንደኛዋ በሆነ ምክንያት ብትቀር በቦታዋ የሚገባው እሱ ነው።

ኤሎይሳ የቦያችን አዛዥ ናት። ከሪዮ ግራንዴ ወንዝ ተጠልፎ የመንደሩን የቃሪያና የሽንኩርት ማሳ የሚያጠጣውን ውሃ ዛሬ ማን ይከፍታል፣ ነገ ማን ይዘጋል የምትለው እሷ ናት። ከእሷ በፊት ሥራውን የያዙት ወንዶች የውሃ አባት ይባሉ ነበርና እሷ ስትመረጥ የውሃ እናት አሏት፤ መጀመሪያ ለቀልድ፣ ኋላ ግን ከልባቸው። ውሃ የሚያከፋፍል ሰው ጠላት አያጣም፤ እሷ ግን ጠላት ያላፈራችው በአንድ ሕግ ነበር። ከማንም ቤት አትበላም። የበላች እንደሆነ ደግሞ ከሁሉም ቤት እኩል ትበላለች። የአንዱን ወጥ ቀምሶ የሌላውን ሳህን መግፋት ለእሷ ውሃ ከማድላት አይለይም።

ለምን መውጣት እንደፈለገች ለጠየቃት ሁሉ መልሷ አንድ ነበር።

«ወንዙን ላየው።»

«በየቀኑ እያየሽው?» አለቻት አበልጇ ኦፌሊያ፣ ምላሷ ከቦይ ማጭድ የሚስል ሴትዮ።

«እኔ የማየው የእኛን ደጅ ነው። ከላይ ከየት እንደሚመጣ አላይ፣ ወደታች የት እንደሚገባ አላይ። ዕድሜዬን ሙሉ የአንድ ሰው እጅ ይዤ ፊቱን አይቼው አላውቅም በይው።»

ይህን ስትል ድምጿ ዝቅ ይላል። ለራሷ ነገር መመኘት ያልለመደች ሴት ናት፤ ሲመኙ የሰማቻቸው ሰዎች ብዙ ናቸው፤ የሁሉንም ምኞት አዳምጣ፣ በየተራ አድርጋ፣ በሩን ስትከፍትላቸው ኖራለች። የራሷ ተራ እንዳላት ያወቀችው በዚያ አዳራሽ ስሟ ሲጠራ ነው።

ከገና በኋላ ኩባንያው ጠርቶ ለካት። የጠፈር ልብሱን የምትሰፋው ሚስ ኬስል የምትባል ቀድሞ ለኦፔራ ዘፋኞች ልብስ ስትሰፋ የኖረች ቀጭን ሴትዮ ናት። ክንዷን፣ ወገቧን፣ ትከሻዋን ለካች፤ ሚዛን ላይም አወጣቻት።

«ያስተውሉ፣ ወይዘሮ አፖዳካ» አለቻት። «ልብሱም ወንበሩም በዚህ ልክ ይሠራል። የመንኮራኩሩም ሚዛን በዚህ ይሰላል። እስከ በረራው ድረስ ከአምስት ፓውንድ በላይ ከጨመሩ ወንበሩ ለተጠባባቂው ይሄዳል። እኔ ብለምንም አይሆንም።»

«በዚህ ዕድሜዬ ምን ልጨምር ብለው ነው?» ብላ ሳቀች ኤሎይሳ።

በማግስቱ እሑድ ቤኒግኖ ግብዣ አደረገ። ጠቦት አረደ፤ ሚስቱ ፐርፌክታ በቀይ በርበሬ መረቅ የራሰ የበቆሎ ቂጣ በአይብ ደራርባ አቀረበች። ኤሎይሳ መጀመሪያ እምቢ አለች። ቤኒግኖ ግን በሕይወቱ እንዲህ ለምኖ አያውቅም። «የብርድ ወቅት ነው፣ የቦዩ በር ዝግ ነው፣ ማን ያማሻል? ብይልኝ በሞቴ!» አላት። ብርዱም እውነት ነው፣ በሩም ዝግ ነው። በላች፤ ደገመች፤ ጣፋጩንም አልመለሰችም።

ሰኞ ጠዋት ኦፌሊያ በሯ ላይ ቆመች።

«ቤኒግኖ ቤት በላሽ አሉ።»

«በላሁ።»

«መልካም። በሩ ሲከፈት ውሃው ወደ ቤኒግኖ ማሳ ሲያዘነብል እናያለን።»

«ኦፌሊያ!»

«እኔ ምን አልኩ? ምንም አላልኩም። ማክሰኞ የበቆሎ ጥቅል፣ ታማሌ፣ እሠራለሁ፤ ከመጣሽ መጣሽ።»

ማክሰኞ ሄደች። ረቡዕ ሌላ ቤት፤ ሐሙስ ሌላ። በቦዩ የሚጠጣ ቤት ሁሉ የሚሸኘው መንገደኛ አገኘና እሳቱን አነደደ። አንዱ በቃሪያ የበሰለ የአሳማ ሥጋ፣ ሌላው በአሳማ ስብ የተጠበሰ ባቄላ፣ አንዷ መበለት ደግሞ ማር የሚንጠባጠብበት የተነፋ ቂጣ። ግማሹን ትታ ብትነሣ «ከእነ እንትና ቤት ጨርሳ ነበር» ይባላል። ስለዚህ ሁሉንም ቤት እኩል ጨረሰች።

ጾም ሲገባ ተስፋ አደረገች። ግን የእኛን አገር ጾም ታውቁታላችሁ። ሥጋው ይቀራል እንጂ ሴቶቹ አይቀሩም። በቡናማ ስኳር ተነክሮ፣ ዘቢብና አይብ ገብቶበት የሚጋገረው የጾም ዳቦ በየቤቱ ተራ ይዞ ጠበቃት። ኤሎይሳ ማታ ማታ ስትጸልይ በዚያ ሁሉ ጣፋጭ ስለጾመችው ጾም አፍራ ጌታን ይቅርታ ትጠይቅ ነበር። ጠዋት ደግሞ ሳህን ይመጣል።

በጾሙ አጋማሽ ለሁለተኛው ልኬት ከቤኒግኖ ጋር ተጠሩ። ሚስ ኬስል ሰማያዊውን ልብስ አለበሰቻት፤ ዚፑ ከእምብርቷ ላይ ቆመ።

«ትንፋሽዎን ይሰብስቡ።»

«ሰበሰብኩ እኮ!»

«ይሄ ነው የተሰበሰበው?»

ሚዛን ላይ ወጣች። ሚስ ኬስል ቁጥሩን አይታ መነጽሯን አውልቃ ጠረገችና እንደገና አየች። «ዘፋኞች ወፍረውብኝ ያውቃሉ» አለች በሐዘን፤ «ግን ዘፋኝ በክብደቱ ልክ አይወነጨፍም። ልብሱን ላሰፋው እችላለሁ፤ ሚዛኑን ግን አልችልም። የተፈቀደውን በሰባት ፓውንድ አልፈዋል። ከትንሣኤ በኋላ ባለው ማክሰኞ የመጨረሻው ሚዛን ነው፤ ያን ቀን ካልወረዱ…» ወደ ቤኒግኖ ዞረች። ቤኒግኖ እንደ ሸንበቆ የቀጠነ ሰው ነው፤ የእሱ ልብስ ልክክ ብሎበታል። «…እኚህ ይበርራሉ።»

ቤኒግኖ ግድግዳውን ያዘ። ፊቱ ዐመድ መሰለ።

ሲመለሱ ፒክአፑን የሚነዳው እሱ ነበር። ኤሎይሳ በመስኮቱ ትመለከት ነበር። በመጨረሻ እሱ ወደ መንገድ ዳር ወጥቶ ሞተሩን አጠፋ።

«ትከሺያለሽ አይደል?»

«እንጃ፣ ቤኒግኖ።»

«እንጃ አትበይኝ! በማርያም፣ እንጃ አትበይኝ!» መሪውን በሁለት እጁ ጨበጠ። «እኔ ከፍታ አልችልም። መሰላል ሁለተኛው እርከን ላይ ስደርስ ተመልሼ እወርዳለሁ። ሰው አያውቅም እንጂ የጎተራውን ጣሪያ የምትጠግነው ፐርፌክታ ናት፤ እኔ ከታች ሆኜ ሚስማር አቀብላለሁ።»

«ታዲያ ስምህን ለምን አስገባህ?»

«የመንደሩ ወንድ ሁሉ ሲያስገባ ምን ልበል? ከዚያ ሁሉ ስም መሀል የእኔ ይወጣል ብዬ በምን ልጠርጥር? የአንቺ ስም ቀድሞ ሲጠራ ጌታ አንቺን ልኮ ያዳነኝ መሰለኝ። ያ ግብዣ እኮ ስለቴ ነበር!»

የኤሎይሳ ሳቅ ከማትይዘው ቦታ መጣ፤ የመኪናው ወንበር እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። «አየህ፣ ስለትህ ነው ያወፈረኝ!»

«አትሳቂ! ሰዉ ምን እንደሚል ሰምተሻል? ተጠባባቂው ሆን ብሎ አደለባት እያሉ ነው። ኦፌሊያ ትናንት በሱቁ በር ‹በሬ ካራጁ ይውላል› ብላ ስታልፍ እኔን እያየች ነው።»

«ታዲያ እውነቱን ንገራቸው።»

«እባክሽ! ተንኮለኛ መባል ፈሪ ከመባል ይሻለኛል።» ሞተሩን አስነሣ። «ደግሞ አንቺስ ‹ከዚህ በላይ ከበላሁ ወንበሬ ይሄዳል› ብለሽ ለምን አትነግሪያቸውም?»

ኤሎይሳ ልትነግራቸው ብዙ ጊዜ አስባ ታውቃለች፤ ግን «ይሄን እፈልጋለሁ፣ ለእኔ ብላችሁ ተዉልኝ» ማለት ምን ዓይነት ንግግር እንደሆነ አታውቀውም። እሷ የምታውቀው የሌላውን «እፈልጋለሁ» መስማት ነው።

መፍትሔ የመሰላቸው የቦይ ጠረጋው ነበር። በየጸደዩ ውሃው ከመለቀቁ በፊት መንደሩ ሁሉ አካፋ ይዞ ይወጣል፤ ደለሉን ያወጣል፣ ሥሩን ይቆርጣል። የውሃ እናት አትቆፍርም። ዘንግ ይዛ ቦዩን እየለካች ለእያንዳንዱ ሰው ድርሻውን ታሳያለች እንጂ። በዚያ ዓመት ግን ዘንጉን ለቤኒግኖ ሰጥታ አካፋ አነሣች።

«ምን ጉድ ነው?» አለች ኦፌሊያ። «ለጠፈር የሚሰለጥኑት በጭቃ ነው?»

«ጉልበት ለማጠንከር ነው።»

ቤኒግኖ ዘንጉን መሬት ላይ እያጋደመ የእሷን ድርሻ ከሌላው ሁሉ አስረዘመ። «ከዚህ እስከዚያ ግንድ… አይ፣ እስከዚያ ድልድይ!» ይላል። ኤሎይሳ ላቧ እየተንጠባጠበ ትቆፍራለች። ሰዉ ጥርሱን ይነክሳል፦ መጀመሪያ አደለባት፣ አሁን ደግሞ ልቧን ሊያቆመው ነው! እሷም ልትናገርለት አትችልም፤ ቃል አስገብቷታል።

ማታ በጎተራው ውስጥ የቃሪያ ጆንያ መመዘኛው ላይ ትወጣለች፤ ቤኒግኖም በባትሪ መርፌውን ያያል። ቀን አካፋው ያወረደውን ምሳ ሰዓት ላይ ሳህኑ መልሶታል። ምክንያቱም ጠረጋ ላይ የዋለን ሰው ማብላት በእኛ ዘንድ ግዴታ ነው፤ «እንዲህ ለፍታ!» እያሉ ደግሞ ከበፊቱ አብዝተው ይጨልፉላታል።

«አልወረደም» ይላል ቤኒግኖ። «ትንሽ እንኳ፣ አንቺ ሴትዮ! ለእኔ ስትይ!»

የጠረጋው የመጨረሻ ቀን የሆሣዕና ዋዜማ ነበር። ያን ቀን ሥራው ሲያልቅ ከየቤቱ ድስት ይመጣል፤ በወንዙ ዳር ዛፎች ጥላ ሥር ይደረደራል። ልማዱ የታወቀ ነው፤ ከሁሉም ድስት አንድ አንድ ማንኪያ የውሃ እናት ሳትቀምስ ማንም አይበላም። ኤሎይሳ ማንኪያዋን ይዛ ከመጀመሪያው ድስት ፊት ቆመች። የድስቶቹ ሰልፍ ከዛፍ እስከ ዛፍ ይደርሳል። ከሰልፉ ጫፍ ቤኒግኖ ዘንጉን ተደግፎ ቆሟል፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ምን እየጸለየ እንደሆነ ታውቃለች።

ማንኪያውን አስቀመጠች።

«አልቀምስም» አለች።

ጭልፋ ያነሣው ሁሉ ጭልፋውን እንደያዘ ቀረ።

«የማንንም አልቀምስም። ከብጃለሁ። ከትንሣኤ በኋላ ባለው ማክሰኞ ይመዝኑኛል፤ ካልወረድኩ ወንበሩ ከእጄ ይሄዳል። እኔ ደግሞ…» ከድስቱ ራቅ ብላ ቆመች። «እኔ ደግሞ እፈልገዋለሁ። በጣም እፈልገዋለሁ። ሳህናችሁን ከመለስኩ የማዳላ ይመስላችኋል ብዬ ፈራሁና ዝም ብዬ በላሁ።»

«እና ይሄን ለመናገር የስንት ወር ድስት ፈጀሽ?» አለች ኦፌሊያ። ቀጥላም ወደ ሰልፉ ጫፍ በጣቷ ጠቆመች። «ጥፋቱ የአንቺ አይደለም። ማን እንደጀመረው ሁላችንም እናውቃለን! ያ የቆመው ነው፣ ዘንግ የያዘው! ወንበሯን ሊወስድ አደለባት!»

ጉምጉምታው እንደ ንብ ተነሣ። ኤሎይሳ አፏን ከፈተች፤ ቃሏን አስታውሳ ዘጋችው፤ ቤኒግኖን ብቻ አየችው። ቤኒግኖ ዘንጉን መሬት ላይ ጣለ።

«እኔ?» አለ። «እኔ ወንበር ልውሰድ? እኔ መሰላል አልወጣም እኮ! ዛፍ አልወጣም! ሰሞኑን ሌሊት ሌሊት ከአልጋዬ ላይ ስወድቅ የማድረው ሚዛኗ አልወርድ ብሎ ነው! እሷ ካልሄደች የምሄደው እኔ ነኝ፣ ገባችሁ? እኔ! ወደዚያ!» ሰማዩን ሳያየው በጣቱ አሳየ።

ከዚያ ፐርፌክታ እጇን በወገቧ ላይ አድርጋ «እውነቱን ነው» አለች። «የጎተራውን ጣሪያ እስከዛሬ ማን የጠገነው መሰላችሁ?»

ሳቁ ከአንድ ጥግ ጀመረና ቦዩን ሁሉ ያዘ። አንዱ ሽማግሌ መሬት ላይ ተቀመጠ። ቤኒግኖ መጀመሪያ ሊቆጣ ፈለገ፤ ኋላ ግን የከበደ ጆንያ ከጀርባው እንደወረደለት ሰው ትከሻው ዝቅ አለና ራሱም ሳቀ። ኦፌሊያ እንባዋን እየጠረገች ሄዳ ጉንጩን መታ መታ አደረገችው። «አንተ ፈሪ ዶሮ! ይቅር በለኝ።»

ሳቁ ሲበርድ ኤሎይሳ የቦይ ስብሰባ የምትመራበትን ድምፅ አወጣች። «ድርቅ ሲሆን ሕጋችን ምንድን ነው?»

«በሩ ለሁሉም ይዘጋል» አሉ።

«ለማን ይከፈታል?»

«ለማንም!»

«እንግዲያው ድርቅ ነው» ብላ አፏን በእጇ ከደነች። «እስከዚያ ማክሰኞ በሩ ዝግ ነው። ለሁሉም እኩል።»

በዚህ ፍርድ የተከፋ አልነበረም። ድርሻዋን ተካፍለው፣ እሷ እያየች፣ አጥንቱን እየመጠጡ በሉላት። ሰሙነ ሕማማትን በቅቅል ባቄላና በሜዳ ጎመን አለፈች፤ በዚያ ዓመት በእውነት የጾመችው ያን ሳምንት ብቻ እንደሆነ ለራሷም ለጌታም አመነች። ጠዋት ጠዋት ኦፌሊያ በሯን እያንኳኳች ቦዩን ከራስጌ እስከ ግርጌ በእግር ታስኬዳት ነበር፤ ሙሉውን መንገድ እየተሳደበች። የትንሣኤ ዕለት ጎረቤቶቿ ምግባቸውን መስኮት ዘግተው በሉ፤ ሽታው እንዳይፈትናት።

ማክሰኞ ጠዋት የመንደሩ መኪና ሁሉ ከኩባንያው አጥር ውጪ ተደርድሮ ቆመ። ውስጥ ቤኒግኖ ተጠባባቂ ነውና ልብሱን ለብሶ በወንበር ጫፍ ተቀምጧል፤ መቁጠሪያው በእጁ። ኤሎይሳ ጫማዋን አወለቀች፤ የፀጉር ማስያዣዋን አወለቀች፤ አማተበችና ወጣች።

ሚስ ኬስል ጎንበስ ብላ አየች። ልብሱን አንሥታ አለበሰቻት፤ ዚፑን ከታች ያዘችው። ዚፑ ተነሣ፤ እምብርቷ ላይ ትንሽ አሰበ፤ አለፈ፤ አንገቷ ድረስ ወጣ።

«በተፈቀደው ጠርዝ ላይ ነዎት» አለች ሚስ ኬስል። «ጠርዝ ደግሞ ውስጥ ነው።»

ቤኒግኖ ተነሥቶ የልብስ ሰፊዋን እጅ ሳመ፤ ሚዛኑንም ሳመ፤ ከዚያ ማንም ሳያስገድደው የራሱን ልብስ አውልቆ አጣጥፎ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

በበረራው ቀን ሰማዩ የታጠበ ነበር። እናት አውሮፕላኗ መንኮራኩሯን በሆዷ ሥር አንጠልጥላ ቀስ ብላ ወጣች። ከኤሎይሳ ጋር የነበሩት ከፍለው የመጡ ሦስት ሰዎች ናቸው፤ አጠገቧ የተቀመጠው ከኦሳካ የመጣ የጥርስ ሐኪም ሲሆን ከፍርሃቱ የተነሣ ለሁሉም ፈገግ ይል ነበር። ከዚያ ተለቀቁ። ለአንድ አፍታ ምንም የለም። ቀጥሎ እሳቱ ተያያዘና ደረቷ ላይ የመንደሩ ሰው ሁሉ የተቀመጠባት መሰላት። ሰማያዊው ጠቆረ። ሞተሩ ጠፋ።

ቀበቶዋን ስትፈታ ከወንበሯ ተነሣች፤ ማለት ወንበሩ ከሥሯ ቀረ። ያ ሁሉ ቅቅል ባቄላ ያወረደው፣ ያላወረደውም፣ አሁን አንድ ሆነ። «ጌታ ሆይ!» ብላ ልታማትብ እጇን አነሣች፤ ክብደት የሌለው እጅ ልኩን አያውቅምና ከግንባሯ አልፎ የጥርስ ሐኪሙን አፍንጫ መታ። ሁለቱም በአየር ላይ ተንሳፍፈው ይቅርታ ተጠያየቁ፤ ሲስቁም ሳቁ ራሱ አሽከረከራቸው። መስኮቱን ያዘች።

ወንዙ እዚያ ነበር። ከሰሜን፣ በረዶ ከተኛባቸው ተራሮች፣ እንደ አረንጓዴ ክር ይመጣል፤ አንድ ሐይቅ ጋ ትንሽ ይሰፋል፤ ደግሞ ይቀጥናል፤ ወደ ደቡብ ድንበሩን የት እንዳለፈ ሳይታወቅ በቡናማው ምድር ውስጥ ይሄዳል። ላ ፕላሲታን ፈለገቻት፤ የለችም። ቦዩም የለም፤ የማንም ማሳ አይለይም። ያን ያህል ደረቅ አገር፣ በመካከሉ ያቺ አንድ ክር። ከራስጌው እስከ ግርጌው አየችው። ደግማ አየችው። ሌሎቹ እየተገለባበጡ ሲጫወቱ እሷ ከመስኮቱ አልተነሣችም፤ ወደ ወንበራችሁ እስኪባል ድረስ።

ከወረዱ በኋላ እቅፉ፣ ጩኸቱ፣ ፎቶው ሲያበቃ ቤኒግኖ በፒክአፑ ወደ ቤት ወሰዳት። ሰዉ በየመኪናው ከኋላ ይከተላል።

«አየሽው?» አላት።

«አየሁት።»

«እንዴት ነው?»

«ቀጭን ነው። ከአንተም የቀጠነ።»

ትንሽ ሄዱ። ከዚያ ቤኒግኖ መንገዱን እያየ፣ ለማንም እንዳትነግር በሚመስል ድምፅ ጠየቀ። «ያ… ስትለቀቁ ያለው። ያስፈራል?»

ኤሎይሳ አሰበችበት፤ ለእሱ እውነቱን ካልነገረች ለማን ትነግራለች። «የቦዩን በር ስትከፍት» አለች፤ «ውሃው ከመምጣቱ በፊት ቆመህ የምታዳምጣት ዝምታ አለች አይደል? ይመጣል፣ ገና ግን አልመጣም። እሷ ናት። ሌላ አይደለችም።»

የቤኒግኖ እግር ሳያውቀው ከነዳጅ መርገጫው ላይ ላላ፤ ፒክአፑ በዝግታ መጓዝ ጀመረ።

«እሷንማ» አለ በመጨረሻ፣ «እሷንማ እኔም አውቃታለሁ።»

ከኋላቸው ኦፌሊያ ጥሩንባዋን ነፋች፤ ቀጥሎም ሌሎቹ ሁሉ። ቤኒግኖ ግን አልቸኮለም።